የጎደሉት አራት ብሎኖች

የካቲት 4 ቀን 1980፣ ሸዋ ሮቢት

ከበቡሽ፣ አንቺ ከሆንሽ ደብተሩን ዝጊው። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ያንብብ። ደምሴ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ፣ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቆመው ጭንቅላቴ እምቢ ብሎ አይደለም። የአስተማሪያችን የጠመኔ ሳጥን ውስጥ እንሽላሊት ተገኘች። ማን እንዳስገባት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የተባረርኩት ግን እኔ ነኝ።

አሁን የእህቴ የከበቡሽ ባል፣ የጋሼ ወልደማርያም ረዳት ነኝ። ጋሼ ወልዴ አንዲት ፒካፕ አለችው። ከቀወት ገጠር ማሾና ሽንኩርት እንጭንባታለን። ዛሬ ወንዝ ስንሻገር ድንጋይ ጎኗን መታትና የቀኙ በር አልከፈት አለ። የግራው ድሮም አይከፈትም። ጋሼ ወልዴ በመስኮት ሲወጣ ሆዱ ተሰነቀረ። «ልጎትት ወይስ ልግፋ?» አልኩት። የመለሰልኝን አልጽፈውም፤ ጾም እየገባ ነው።

ማታ እራት ላይ ቆረጠ፦ ከበሮቹ ሥር ግራና ቀኝ ወፍራም የብረት ቱቦ ሊያስገጥምላት ነው፤ ድንጋዩ ከእሷ በፊት ብረቱን እንዲያገኘው። ቱቦውን ክንዶች ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የሥር አጽም ጋር ይይዙታል። ብየዳ ግን መኪናዋ ላይ አይሞከርም። «ሻንሲ እሳት ከነካው ይሰበራል፤ በብሎን ብቻ» አለ። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያምነው። እኔ ምን አገባኝ፤ የምተኛው ከሥሯ ነው፣ ከላይዋ አይደለም።

የካቲት 7

ዛሬ ሁዳዴ ገባ። ኢብራሂምም ገባ፤ ብረቱን የሚገጥመው ሠራተኛ።

ከጀውሃ በጭነት መኪና ላይ መጣ። ሁለቱን ቱቦዎች ክንዶቻቸው እዚያው ተበይደው ይዟቸው ነው የመጣ። በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ አለው፤ አሥራ ስድስት ረጃጅም ብሎን በጨርቅ ቋጥሯል፤ ገደል ከገባ ትልቅ መኪና ላይ የተፈቱ ናቸው፣ አሥራ ሰባተኛ ቢፈለግ በአገሩ የለም። እናቱ እትዬ ፈሪሃ የሰጠችው አንድ ከረጢት የማሽላ ቆሎ። ከቀበሌው ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት። ይኼው ነው ንብረቱ። ዕድሜው እንደኔ ነው፤ ቁመቱ እንደኔና ግማሽ።

አቀባበል አደረግሁለት። «ጋሼ ወልዴ ጆሮው ከብዷል፤ ስታናግረው ጮኽ በል» አልኩት። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ለጋሼ ወልዴ «ልጁ አይሰማም፣ ጮኽ እያልክ» አልኩት። እስከ ምሳ ድረስ ተጯጯኹ። ጎረቤት ሊገላግል መጣ። ነገሩ ሲገለጥ ጋሼ ወልዴ ክሪኩን አንስቶ አባረረኝ፤ ኢብራሂም ግን መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አንተ እኮ በሽታ ነህ» አለኝ። ወደድኩት።

የካቲት 11

ጓድ ፀጋዬ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። በፊቱ «እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።

መኪናዋ በድንጋይ ላይ ተነስታ ቆማለች፤ እኔና ኢብራሂም ከሥር ነን። ጫማውን ብቻ ነበር የማየው። «ወልደማርያም፣ ይህች መኪና ለእናት አገር ጥሪ እህል እንድታጓጉዝ ተመዝግባለች። መቼ ትወጣለች?» አለ።

«ሁለት ሳምንት ቢሰጡኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ከሥር ያሉት ስንት ናቸው?»

«ሁለት። የባለቤቴ ወንድምና ከጀውሃ የመጣው ሠራተኛ።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ሁለቱም ዕድሜያቸው ደርሷል። የሚያድረው እዚህ ስለሆነ የጀውሃውም እኔ ዘንድ ነው የሚቆጠረው። መኪናዋ እስክትወጣ በሥራ ላይ ናቸው ብዬ እይዛቸዋለሁ። ስትወጣ ግን አንድ ረዳት ይበቃሃል። አንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል። የትኛው እንደሆነ አንተ ትነግረኛለህ።»

ጫማው ሄደ። ኢብራሂም ቁልፍ አቀብለኝ አለኝና አቀበልኩት። አሥራ አራት ቁጥር ነበር የጠየቀኝ፤ አሥራ ሰባት ሰጠሁት። ያን ጊዜ እንኳ ለቀልድ አልነበረም።

የካቲት 16

ሥራው በራሱ ጊዜ እየዘገየ ነው። እኔ የለሁበትም። በቀኝ በኩል የጭስ ማውጫው ማርሚታ ያልፋል፤ ሁለተኛው ክንድ ተጋጨበት። ተፈታ፣ ታጠፈ፣ ተመለሰ፣ አሁንም ተጋጨ። አራት ቀን ሄደ። እግዜር ይስጠው ማርሚታውን።

ኢብራሂም ከሥር ሆኖ በሻንሲው ጎን የሚሄደውን ቀጭን የፍሬን ቱቦ አሳየኝ። «ይህን አይተህ ነው የምታጠብቀው። ክንዱ ከጨፈለቀው ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ጸሎት ትጀምራለህ።»

«ያንተን ነው የኔን ጸሎት?»

«የቀደመህን» አለኝ።

ከቆሎው ውስጥ አንዲት ትንሽ የብሎን ዳዶ ደብቄበት ነበር። ነከሳት። ጥርሱን ይዞ ሲያየኝ ከበቡሽ እንኳ ሳቀች። ዳዶዋን ከአፉ አውጥቶ ጠረገና ቦታዋ ላይ ገጠማት። «ሁለተኛ ቆሎዬ ውስጥ ከገባህ አንተንም እቆረጥምሃለሁ» አለ።

የካቲት 24

ጀውሃ ገበያ ላይ አፈሳ ነበር። በሬ ሊሸጥ የመጣን ልጅ ከነገመዱ ወሰዱት፤ በሬው ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ ይላሉ። ሰው እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔም ስቄ ለሦስት ሰው አወራሁት።

የግራው ጎን አልቋል፤ ስምንት ብሎን። በሮቹንም ኢብራሂም ጠግኗቸው ይከፈታሉ። የቀረው የቀኙ ነው።

መጋቢት 3

ሙቀቱ ከሥር ያስተኛል። እኩለ ቀን ላይ መኪናዋ ሥር ጋደም ብዬ ነበር። ኢብራሂም ሊሰግድ ሄዷል። ከበቡሽና ጋሼ ወልዴ ከበላዬ፣ በመኪናዋ ጎን ቆመው ሲነጋገሩ እዚያ መኖሬን አላወቁም።

«ወንድሜ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እናት አለችው ያም። ደግሞ ለሥራ ከሆነ፣ ከቡ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኢብራሂም ከሌለ ይህች መኪና በዓመቷ ትቆማለች። የደምሴ ሥራው ሳቅ ነው። በሳቅ ማርሽ አይገባም።»

«እኔ ልንገርህ፣ እሱ ከሄደ…» አለች፤ የቀረውን አልሰማሁም። ጎረቤት ጠራቻት።

እንግዲህ የምጽፈው ይኼን ነው። ጋሼ ወልዴ ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ ማርሽ ስነካ መኪናዋ ታስላለች። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ኢብራሂምን ነበር የማስቀር። ምናልባት። ኢብራሂም ሰግዶ ሲመለስ «ምን ሆነሃል፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለኝ። «ያንተን አይቶ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሁልጊዜ ይስቅልኛል፤ የዚህ ልጅ ችግሩ ይኼ ነው።

መጋቢት 5

አራት ብሎን ጠፋ። ሁላችንም ፈለግን። እኔም ፈለግሁ።

መጋቢት 6

አሁንም አልተገኙም። ከበቡሽ ዶሮዎቹን ሳይቀር ጠረጠረች። «አውራ ዶሮው ሲሄድ ሆዱ ይንቋቋል» ብዬ አሳቅኳቸው።

የቀኙ ብረት በአራት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ሆና መኪናዋ አትወጣም። መኪናዋ ካልወጣች ማንም አይሄድም፤ እኔም፣ ኢብራሂምም። ሰው ይኼን ቢያስብ ብሎኖቹን የወሰደውን ሰው ያመሰግነው ነበር።

መጋቢት 9

ጋሼ ወልዴ ብሎን ፍለጋ ደብረ ሲና ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እዚያ ሰዉ ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራ አለ፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ወታደር ብዙ ነው፣ የሚመለስ ግን አላየሁም አለ። ከበቡሽ ተነስታ በሩን ዘጋች።

ኢብራሂም ዝም ብሎ አይቀመጥም እኮ! ከዘንግ ብረት ላይ ቆርጦ በሞረድ ጥርስ እያወጣ ነው። አንድ ብሎን በሁለት ቀን። እጁ ደምቷል። «ተው፣ ማን አስቸኮለህ?» አልኩት።

«ወረቀቴ ላይ ለሥራ ነው የሚለው። ሳልሠራ መብላት ደስ አይለኝም።»

«መብላቱን ለኔ ተው፣ እኔ ደስ ይለኛል።»

«ደምሴ፣ ማንን እንደሚሰጥ ጋሼ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም» አልኩ። ያልነገረኝ እውነት ነው።

መሞረዱን ቀጠለ። ቆይቶ፣ ቀና ሳይል «አንተን እንደሚያስቀር አውቃለሁ። ሥጋህ ነው። አልቀየምህም» አለኝ።

ያን ጊዜ ብሎኖቹን ካሉበት አንስቼ መንገድ ዳር ልጥላቸውና «አገኘኋቸው!» ብዬ ልጮህ አስቤ ነበር። ሙቀቱ አላስነሳኝም።

መጋቢት 14

ጠዋት።

ጓድ ፀጋዬ ከሁለት አብዮት ጠባቂ ጋር መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ከላይ ተቆጥተውታል መሰለኝ። «ሁለት ሳምንት ያልከኝ አምስት ሆነ። አራት ብሎን ጠፋ ትለኛለህ፤ ብሎን እግር አለው? ይኼ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥር ሲል የጋሼ ወልዴ ከንፈር ደረቀ። ቤቱ ይፈተሽ ተባለ።

የኔን አልጋ ገለበጡ። ከሥሩ የወጣው ያ የድሮ የጠመኔ ሳጥን ነው፤ አንዱ ጠባቂ ከፍቶ ዘጋው። የከበቡሽን የዱቄት ገንቦ በዱላ ፈተሹ። ከዚያ የኢብራሂምን ከረጢት አንስተው ቆሎውን መሬት ላይ ደፉት።

አራቱም እዚያ ነበሩ። ቆሎው ላይ ሲወድቁ ድምፅ እንኳ አላሰሙም።

ኢብራሂም መጀመሪያ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀ። ወደኔ ዞሮ «አንተ በሽታ! በል ንገራቸው፣ ያንተ ሥራ ነው በላቸው» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጋሼ ወልዴ፣ ከበቡሽ፣ ጓድ ፀጋዬ፣ ሁለቱ ጠባቂዎች።

«እኔ?» አልኩ።

ይኼን ብቻ ነው ያልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ውሸት አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

ኢብራሂም ሳቁን ወዲያው አላቆመም። ቀስ እያለ ነው የቆመ፤ ከዓይኑ ጀመረ፣ አፉ ቆይቶ ነው የተከተለ። ጓድ ፀጋዬ «ወልደማርያም፣ እንግዲህ ምርጫው ቀለለልህ» አለ። ወሰዱት። ጫማውን እንዲያጠልቅ ጠበቁት፤ ክፉዎች አይደሉም።

በዚያው ዕለት፣ ከሰዓት

ቆሎውን እኔ ለቀምኩት። ከበቡሽ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

ለምን እዚያ አስቀመጥኳቸው? ለቀልድ። ድሮም ቆሎው ውስጥ ነበር የምቀልደው። ሌላ ቦታ አጥቼ ነው? ጓሮ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ አጥር አለ። ግን ሲያገኛቸው ይስቃል ብዬ ነው። ሰው እንዲስቅ ነው ያደረግሁት።

ቆሎው ሲያልቅ ያገኛቸው ነበር። ፈታሾቹ ሁለት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ያገኛቸው ነበር። የሁለት ቀን ጉዳይ ነው።

መጋቢት 15

ብሎኖቹን ገጠምን። ግማሽ ቀን አልፈጀም። አራቱን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ የፍሬኑን ቱቦ እያየሁ። ጋሼ ወልዴ ሲነቀንቀው አልተነቃነቀም። «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ በፊት ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ሄዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሳ።

መጋቢት 18

እህል አይደለም የጫነችው።

አሥራ አንድ ልጆች ወደ ደብረ ሲና። ጠባቂው ጋቢና ገባ፤ እኔ ከውጭ በጎን ብረቱ ላይ ቆሜ እንድሄድ ታዘዝኩ፤ የሚዘል ካለ እንድጮህ። ኢብራሂም ከኔ በኩል ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊታችን ክንድ አይራራቅም። ዳገቱን ስንጀምር ቀልድ ፈለግሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ አላገኘሁም።

እሱ ነው የጀመረ። ወደ እግሬ አየና «አይነቃነቅም። ጥሩ አጥብቀኸዋል» አለ።

«ኢብራሂም…»

«ተወው። ጠባቂው ይሰማል።» ወደኔ ተጠጋ። «ለምን እንዳደረግኸው አልጠይቅህም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ። ለእናቴ ሌባ ነው ብለው ይነግሯታል። አይደለም በልልኝ። የቀረው የራስህ ነው።»

ደብረ ሲና ጉም ነበር። የቆላ ልጆች በአንድ ሸሚዝ ቆመው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ሹራቤን ልሰጠው አሰብኩ። እኔም በርዶኝ ነበር።

ስንመለስ ጋሼ ወልዴ እስከ ሸዋ ሮቢት ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። እኔም ጋቢና ገብቼ ተኛሁ። መተኛት ቻልኩ።

መጋቢት 26

ጭነት። ሽንኩርት። ጭነት። ጀውሃን ሦስት ጊዜ አለፍናት። አልወረድኩም፤ ጋሼ ቸኩሎ ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። ሥጋው፣ ጠላው፣ ጨዋታው። ሁሉም «ደምሴ፣ አጫውተን» አለ። አጫወትኩ። የጋሼ ወልዴን ሆድና መስኮቱን አወራሁ፣ በሬውን አወራሁ። ሲስቁ፣ ሳላስበው «ብሎኖቹንም እኮ የደበቅኋቸው እኔ ነኝ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጀርባዬን መታኝ፤ «አንተ ምን የማትለው አለ!» አለኝ።

እንግዲህ ተናግሬያለሁ። በአሥራ አምስት ሰው ፊት። ካላመኑ እኔ ምን ላድርግ?

ከበቡሽ አልሳቀችም። ከፊቴ ያለውን ሳህን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ገና በልቼ አልጨረስኩም ነበር።

ማታ ሰዉ ሲበተን አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እኔ አንተ እንድትቀር ስለት ተስያለሁ» አለች። «ስለቱን እንዴት ብዬ ነው የማስገባው፣ ደምሴ? ምን ብዬ?» መልስ ጠብቃ ነበር። ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሚያዝያ 12

ጋሼ ወልዴ ጀውሃ ላይ ጎማ ሊያስጠግን ቆመ። ላለመውረድ ምክንያት አጣሁ። ወረድኩ።

የእትዬ ፈሪሃን ቤት ልጅ አሳየኝ። ረመዳን ገብቷል፤ ጾም ላይ ናት። እኔን ግን አስቀምጣ ወተት አመጣችልኝ። ስሜን ስነግራት ፊቷ በራ። «አንተ ነህ እንዴ ደምሴ? የሚያስቀው! ኢብራሂም በሰው ልኮብኝ ነበር፣ ‘እንዲህ ያለ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ቀኑ አይታወቀኝም’ ብሎ። ጠጣ፣ ልጄ።»

ወተቱን ያዝኩት። ትጠብቀኛለች። ከንፈሯ በጾም ነጭ ሆኗል።

«ሌባ አይደለም» አልኩ።

«እሱንማ የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ማን ነው ታዲያ?»

በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ ዶሮው፣ አለመግባባት፣ ብሎኖቹ በራሳቸው ተንሸራተው ከረጢት መግባታቸው። የወጣው ግን ሌላ ነው። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ብሎኖቹን ከረጢቱ ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም ዝም አልኩ።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወተቱን ከእጄ ልትወስድ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ተወችው። እንግዳ ነኝ።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እኔ ምን ላደርገው ነው? እኔ ማኅተም አለኝ? ልጄን የጻፈው ማኅተም ያለው ሰው ነው። ለሱ ንገር።» ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። «አላህ ያያል። እኔ ደግሞ እጠብቃለሁ። ነግረህ ከሆነ ወሬው ይደርሰኛል።»

የመኪናችን ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ጎማው ተጠግኗል።

ሚያዝያ 13

ሌሊቱን ያልተኛሁ እንዳልመስል ፊቴን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ወጣሁ። ከበቡሽ የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፤ አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ። የምናገረውን በመንገድ እየደጋገምኩ ሄድኩ፦ ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ልጅ ንጹሕ ነው። ጓድ ሊቀመንበር፣ በሱ ቦታ እኔን ይጻፉኝ። ሁለተኛውን ስል ድምፄ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ደገምኩት።

ቀበሌ ደረስኩ። ቢሮው ተቆልፏል። ጥበቃው ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ስብሰባ ሄደዋል። ሰኞ ይመጣሉ» አለኝ። «ምን ልበልልህ?»

ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። «ምንም» አልኩ። «ሰላም ልላቸው ነው።»

«ሰላም ለማለት ነው እንዲህ የለበስከው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ እመለሳለሁ። ዛሬ የሌሉት በኔ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ሰኞ ይሻላል፤ እስከዚያ ጥሩ አድርጌ አስብበታለሁ። ይኼን እያልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ፀሐዩ፣ አቧራው፣ ሰዉ ሁሉ ደህና ነበር። እያፏጨሁ ነበር ለካ። የሰማሁት ደጃችን ስደርስ ነው፤ ከበቡሽ ፉጨቱን ሰምታ ከቤት ወጣች፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ተመልሳ ገባች።